መርፌዎቹ በየቁመታቸው

ጥቅምት 3

ለተከበሩ የሚስቴ ታላቅ እህት፣

ጤናዎን የምጠይቀው ለወጉ ያህል ነው፤ ሦስት ገጽ ሙሉ እንዲያ ተቆጥቶ የሚጽፍ ሰው ጤነኛ መሆኑን አውቃለሁ። እኔም ደኅና ነኝ፤ አልጠየቁኝም እንጂ።

መልስ ያዘገየሁት አኩርፌ አይደለም። የሰሙት እውነት ነው፣ ቤት እየለቀቅኩ ነው። አከራያችን ካረፉ ወዲህ ቤቱ የልጃቸው ሆኗል፤ ልጅዬው ደግሞ አፍርሶ የመኪና ማጠቢያ ሊያደርገው አስቧል። እኔና እህትዎ ዕድሜያችንን የጨረስንበት ሳሎን ነገ የታክሲ ገላ መታጠቢያ ነው። «አባባ፣ መቼም ዕድገት ነው» አለኝ። ለዕድገት መንገድ ለቅቄ አራተኛ ፎቅ ላይ ሁለት ክፍል ተከራይቻለሁ። ሕንፃው አሳንሰር አለው። ለጌጥ ነው፤ አይንቀሳቀስም።

መጥቼ ላግዝህ ስላሉት አመሰግናለሁ። ቤት መልቀቁ ብቻውን ይበቃኛል።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄዎ። የለም፣ የሹራብ ሥራዎቿን አልጣልኳቸውም። ሌላ ሰው አንዱን ሳይጨርስ ሌላውን አይጀምርም፤ እህትዎ ግን ለየወንበሩ አንዳንድ ሥራ ነበራት። ካልሲው የወረፋ ነው፤ ቦርሳዋ ውስጥ ይዛው ትዞር ነበር። ብርድ ልብሱ የሬዲዮ ነው። የሕፃን ኮፍያው እንግዳ መጥቶ ወሬው ሲሰለቻት የምታነሣው ነው። አረንጓዴው ሻርፕ ደግሞ እርስዎ ስልክ ሲደውሉ ብቻ የሚሠራ ነበር፤ ከእኔ ቁመት በላይ የረዘመውም ለዚህ ነው። ካረፈች ወዲህ ሁሉም እሷ እንዳስቀመጠቻቸው ነበሩ።

አሁን በሥርዓት አሽጌያቸዋለሁ። ዕድሜ ልኬን ማተሚያ ቤት ቁጭ ብዬ የሰው ስሕተት ሳርም የኖርኩ ነኝና ዝርክርክ ነገር አልወድም። መርፌዎቹን ከየሥራው ነቅዬ፣ ከረጅሙ እስከ አጭሩ በየቁመታቸው ደርድሬ፣ በላስቲክ አስሬያቸዋለሁ። ሥራዎቹን እጥፍ እጥፍ አድርጌ ካርቶን ውስጥ ከትቻለሁ። ክር ከክር ጋር፣ መርፌ ከመርፌ ጋር። እህትዎ ብታየው ደስ ይላት ነበር።

ሦስት ጊዜ የጠየቁኝ ሰማያዊ ሹራብ ግን አይላክም። የእኔ ነው። በዚህ ቤት ብርድ የሚፈራው ማን እንደነበር ያውቃሉ። ሌሎቹን ሁሉ ትታ ሆስፒታል ድረስ ይዛው የሄደችው እሱን ነው። የቀሩትን ከቤቱ ጣጣ እንደተገላገልኩ እልክልዎታለሁ።

አክባሪዎ፣
የእህትዎ ባል


ጥቅምት 12

አንተ አራሚ፣

ሰላምታህን ተቀብያለሁ፤ የኔን በኋላ እልካለሁ። መጀመሪያ ይህን መልስልኝ፦ መርፌዎቹን ምን አደረግኋቸው ነው ያልከው?

ደብዳቤህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ቀልድ መስሎኝ ነበር፤ ከዚያ ቀልድ እንደማታውቅ ትዝ አለኝ። የሹራብ መርፌ ጽፈህ ስታበቃ የምታስቀምጠው እስክሪብቶ አይደለም። ያላለቀ ሥራ ቀለበቶቹ የተንጠለጠሉት እሱ ላይ ነው። እሱ ሲወጣ ላይኛው ቀለበት ከታችኛው ያመልጣል፣ ታችኛው ደግሞ ከሥሩ ካለው፤ እንዲህ እያለ እስከ መጨረሻው ይተረተራል። አንድ ሰው መጽሐፍ የተሰፋበትን ክር መዝዞ «ገጾቹን በሥርዓት አስቀምጫለሁ፣ ክሩንም ጠቅልዬዋለሁ» ቢልህ ምን ትለዋለህ? እሱን ነው የምልህ።

እህቴ ያን ሁሉ ዓመት አጠገብህ ተቀምጣ ስትሠራ አንድ ቀን ቀና ብለህ አላየህም? አላየህም። ጋዜጣ ላይ የጎደለች ነጥብ ስትፈልግ ነበር።

አሁን ስማኝ። ዳይሬክተር በነበርኩበት ትምህርት ቤት ካንተ የባሱ አስተምሬያለሁ፤ ብዙ አልነበሩም እንጂ። ካርቶኑን አታነቃንቀው። ጫኞቹ እንዳይነኩት፣ ጭንህ ላይ አድርገህ ሂድ። አዲሱ ቤት ስትገባ ሰማያዊውን ብቻ አውጥተህ ጠረጴዛ ላይ ዘርጋውና የምታየውን ጻፍልኝ። አስተያየትህን አይደለም፤ የምታየውን።

ሰማያዊው የእኔ ነው ያልከውን አንብቤያለሁ። እሺ።

የሚስትህ እህት


ጥቅምት 25

ለተከበሩ የሚስቴ ታላቅ እህት፣

ሰላምታዎ «በኋላ» እንደሚመጣ ስለነገሩኝ በር በሩን እያየሁ ነው።

ምክርዎ የደረሰኝ በገባሁ ማግስት ነው። ካርቶኑ ጭኔ ላይ አልመጣም፤ አንድ ጫኝ ትከሻ ላይ እየዘለለ ነው አራተኛ ፎቅ የወጣው። «ምንድን ነው ይሄ፣ እንዲህ የቀለለ?» አለኝ ጫኙ። «ሹራብ» አልኩት። «እሱማ አይሰበርም!» ብሎ ወረወረው። በጊዜው ልክ መስሎኝ ነበር።

ተከትሎ በመጣው ፖስትካርድ ቤቱ እንዴት ነው ብለዋል። ቀለሙ ያልታጠበ ጥርስ ይመስላል። የበሩ ደወል ሙዚቃ ይጫወታል፤ ሳይጨርስ ስለማያቆም እኔና የመጣው ሰው በሩን ከፍተን ፊት ለፊት ቆመን እናዳምጣለን። ወጥ ቤቱ አንድ ሰው ያስገባል፤ ድስት ከያዘ አያስገባም። በመስኮቱ የሚታየው የሌላ ሰው መስኮት ነው። እሱ የሚያየው ደግሞ እኔን ስለሆነ፣ ከሁለታችን የሚያሳዝነው እሱ ነው።

ከሥሬ የጥርስ ሐኪም ይኖራል። የታሰሩትን መርፌዎች ስፈታ ወለሉ ላይ ተበተኑ፤ ብዙም ሳይቆይ ደወሉ ዘፈነ። ሐኪሙ ዘፈኑ እስኪያልቅ ጠብቆ «ጌታዬ፣ ቀኑን ሙሉ የብረት ድምፅ ስሰማ ውዬ ማታም ብረት?» አለኝ። ይቅርታ ልጠይቅ አፌን ስከፍት በልማድ አፌ ውስጥ ተመለከተ። ከዚያ ጠረጴዛው ላይ የተዘረጋውን አየ። «ይሄ ነገር እኮ እየሸሸ ነው» ብሎ ወረደና ጫፉ ቆልመም ያለ የጥርስ መመርመሪያውን ይዞ ተመለሰ።

የማየው ይህ ነው። ጀርባው አልቋል፤ መርፌ ስላልነበረበት ደኅና ነው። ሰፋ ይላል፤ እህትዎ በደኅና ጊዜዬ የነበረኝን ሰውነት አስባ ይሆናል። የፊቱ አንድ ጎን እንዲሁ አልቋል። ሌላው ጎን እስከ ብብት ደርሶ ነበር፤ አሁን ከላይ ወደ ታች እንደ መሰላል ተከፋፍቷል። ሐኪሙ የሚሸሹትን ቀለበቶች ባሉበት በመርፌ ቁልፍ ይዞልኛል። እጅጌ የለም፤ ክሩ ግን አለ።

አንድ ነገር ግራ ገብቶኛል። ባላለቀው ጎን ጠርዝ ላይ ቀዳዳዎች አሉ። የተተረተሩ አይደሉም፣ ስትሠራው የተወቻቸው ናቸው። የቁልፍ እንዳልላቸው ከመጠን በላይ ትልልቅ ናቸው፤ የሸሚዝ ቁልፍ ሳይነካቸው ያልፋል። መጠኑን የሳተች ይመስለኛል። እንዲህ ያለ ስሕተት የእሷ አልነበረም፤ የመድኃኒቱ ይሆናል። በክር ላጠባቸው አስቤያለሁ።

ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ እጅ ጽሑፍዎ ከአምናው ተለውጧል። መስመሩ ወደ ታች ይወርዳል። ሥራዬ ሆኖብኝ ነው የማየው። ምን ሆነው ነው?

አክባሪዎ፣
የእህትዎ ባል


ኅዳር 4

አንተ አራሚ፣

ቀዳዳዎቹን እንዳትነካ። ደግሜ ልጻፈው? ቀዳዳዎቹን እንዳትነካ! እህቴ ብትታመምም ቀዳዳ አትስትም። አሠራሩን የማያውቅ ሰው ምን ሊያርም ነው የሚነሣው?

ደግሞ የእህቴን ሥራ የሚዳስሰው ጥርስ ነቃይ ሆነ! ያ ብረት በስንቱ አፍ ሲዞር እንደዋለ እሱ ይወቀው። ግን አያያዙ ልክ ነው። ይህን ንገረው፤ ሌላ ምስጋና አትጨምርበት።

መጀመሪያ አረንጓዴው ሻርፕ ላይ ተለማመድ። ከኔ ጋር ስታወራ የሠራችው ነው፤ ብታበላሸው የምቀየመው እኔ ብቻ ነኝ። ያመለጠውን ቀለበት ከሥር በመንጠቆው ያዝ። ከበላዩ የተጋደመውን ክር በቀለበቱ ውስጥ ሳበው። አንድ ደረጃ ወጣህ ማለት ነው። ከዚያ የሚቀጥለውን። ሁሉም አንድ መስመር ላይ ሲደርሱ ወደ መርፌው መልሳቸው፤ ሁሉም ወደ አንድ ወገን ይዩ፣ እንደ ተማሪ ሰልፍ። የዞረ ካለ መልሰው። ክሩን በግራ ጣትህ ላይ አሳልፈው። አትጎትተው፣ ጠላትህ አይደለም። መርፌውን በቀለበቱ አግባ፣ ክሩን አልብሰው፣ አውጣው። ይኸው ነው። ልጆች በአንድ ከሰዓት ይለምዱታል፤ አንተ እስከ ገና ይበቃሃል።

ላከውና ልጨርሰው አላልኩም። ሥራ ይበዛብኛል።

እጅ ጽሑፌን ተወው። እስክሪብቶው ነው።

የሚስትህ እህት


ኅዳር 21

ለተከበሩ የሚስቴ ታላቅ እህት፣

ምስጋናዎን ለሐኪሙ አድርሻለሁ፣ ምንም ሳልጨምር። «ሴትየዋ ባለሙያ ናቸው» አለ። የኔን ሻርፕ ሲያይ ግን አፉን ከፍቶ ሳቀ። ጥርሱ ጥሩ አይደለም።

ዕቃው ገና አልተፈታም። መጻሕፍቴ ካርቶን ውስጥ ናቸው፣ ካርቶኖቹ ላይ ሥራዎቹ፣ እኔ መሐል ላይ። እያንዳንዱ ሥራ የራሱን መርፌ ስለሚፈልግና መርፌዎቹ በቁመት እንጂ በባለቤት ስላልተደረደሩ፣ የትኛው የማን እንደነበር እየሞከርኩ ነው። እንደ እህትዎ ለየወንበሩ አንድ ሥራ ልመድብ ብዬ ወንበር አነሰኝ። ስለዚህ ሻርፑ ውሃ እስኪመጣ ስጠብቅ ነው፤ ብርድ ልብሱ ጎረቤት ሲጣላ ነው፣ በዚህ ሕንፃ ቶሎ የሚያልቀው እሱ ይመስለኛል።

ኮፍያውን ለእንግዳ አስቀርቼዋለሁ። የነዋሪዎች ኮሚቴ ሊቀመንበሯ ስለ አሳንሰሩ ልታወያየኝ መጥታ ነበር። አሳንሰሩ ለምን እንደማይሠራ አይደለም፤ በማይሠራው አሳንሰር ውስጥ መስተዋት ይሰቀል ወይስ አይሰቀል የሚለውን ነው። ኮፍያውን አነሣሁ። ዓይንን ሥራ ላይ ጥሎ «እም» ማለት እንደሚበቃ ያኔ ተረዳሁ፤ ሰው የተሰማ ይመስለዋል። ሊቀመንበሯ «አዳማጭ ሰው ነዎት» ብላኝ ሄደች። ከዚያ እህትዎ ለእኔ ስንት ጊዜ «እም» እንዳለችኝ ማሰብ ጀመርኩና ተውኩት።

ሰማያዊው ተመልሷል። መሰላሉ የለም፤ ቀለበቶቹ ሁሉ መርፌው ላይ ቆመዋል፣ ወደ አንድ ወገን እያዩ። ከዚያ በላይ የራሴን መሥራት ጀምሬያለሁ። ችግሩ መታየቱ ነው። ከታች ያለው የታተመ ገጽ ይመስላል፣ ከላይ ያለው የሰካራም ፊርማ። እሷ ያቆመችበትን ቦታ ማንም ሰው ጣቱን ያስቀምጥበታል። ፈትቼ እንደገና ልጀምር?

እጅጌውንስ በምን ልክ ልሥራው? እሷ የተወችው ልኬት የለም።

ቀዳዳዎቹን አልነካሁም። በላይ በኩልም እርስዎ ኋላ በላኩት ፖስትካርድ እንዳዘዙኝ በእሷ ልክ ትልልቅ አድርጌ ቀጥያለሁ። ስሕተትን አውቄ ስደግም የመጀመሪያዬ ነው፤ ይመዝገብልኝ።

እስክሪብቶውን ይለውጡት። ፖስታው ላይ ያለው አድራሻ ደግሞ የእርስዎ ጽሑፍ አይደለም።

አክባሪዎ፣
የእህትዎ ባል


ታኅሣሥ 5

አንተ አራሚ፣

አትፍታው። ብትፈታው የምትሠራው ያው ነው፤ ሁለት ጊዜ ከሚያስቀይም አንዴ ያስቀይም። የጠበቀብህ ክሩን እንደ ተበዳሪ አንቀህ ስለምትይዝ ነው። ትከሻህን አውርድ። ስትሠራ ሌላ ነገር አስብ፤ እሷ ሌላ ነገር ታስብ ነበር። ምናልባትም እራቱን።

«እም» ስላልከው፦ ስልክ ላይ ለእኔም ትለኝ ነበር። ካንተ ብዙ ጊዜ።

እጅጌውን በራስህ ክንድ ለካው። ያንተ ነው አላልክም? ከትከሻ እስከ አንጓ፣ እጅህን አጠፍ አድርገህ። ክንድህ እንደ ኮት መስቀያ ረጅም መሆኑን አውቃለሁ፤ ክሩ ይበቃል። ሲያልቅ ጎኖቹን በዚያው ክር ስፋቸው፣ ወፍራም ስፌት እንዳይሆንብህ። ስፌቱን በውስጥ በኩል አድርግ። ጥርስ ነቃዩ አይስፋው።

አድራሻውን የጻፈችው የፖስታ ቤቷ ጸሐፊ ናት። ሥራዋ ነው፤ ለዚያ ነው ወንበር የሰጧት። ይህን ያህል ትርፍ ጊዜ ካለህ መጻሕፍትህን ከካርቶን አውጣ።

ብርዱ እንዴት ነው ብለህ በየቃሉ በሚከፈልበት የፖስታ ቤት ቴሌግራም መጠየቅ ምን የሚሉት አባካኝነት ነው? እዚህ ይበርዳል። እንዳለፈው ዓመት ነው። እለብሳለሁ።

የሚስትህ እህት


ጥር 19

እትዬ፣

ትናንት ሰፍቼ ጨረስኩት። ለበስኩትና ሊቀመንበሯ በመጨረሻ ያሰቀለችው መስተዋት ፊት ቆምኩ፤ በቆመው አሳንሰር ውስጥ ማለት ነው። ቤቴ ውስጥ እስከ ወገብ የሚያሳይ የለም።

ጀርባው እንደ መጋረጃ ተንጠለጠለ። ያን ቀድሞ አውቀው ነበር። ጠርዞቹን ልገጥም ስል ግን እጄ ግራ ተጋባ። ቀዳዳዎቹ በቀኝ እጄ በኩል መጡ። ሽቅብ ወጥቼ ኮቴን አየሁ፣ ሸሚዞቼን፣ ፒጃማዬን፤ የሁሉም ቀዳዳ በግራ ነው። ዕድሜዬን ሙሉ ስቆልፍ ኖሬ አላየሁትም። ሐኪሙን ጠራሁት። ዞር ዞር ብሎ ተመለከተኝና «ይሄ የሴት ነው» አለ። «ወፈር ያሉ» ብሎ ጨመረ። ቃሉ የእሱ ነው፤ እኔ እየጠቀስኩ ነው።

ከዚያ ቁጭ ብዬ መደረግ የነበረበትን አደረግሁ፤ ማንበብ። ደብዳቤዎችዎን ከመጀመሪያው አነበብኳቸው። ትልቅ ቀዳዳ ትልቅ ቁልፍ ይፈልጋል። ትልቅ ቁልፍ የሚፈልገው ደግሞ ትንሹን መያዝ ያቃተው ሰው ነው። መስመርዎ የሚወርደው፣ አድራሻው በሰው እጅ የሚጻፈው፣ በጡረታ ላይ ያሉ ሴት «ሥራ ይበዛብኛል» የሚሉት፣ ሁሉም አንድ ነገር ነው። ጣቶችዎ እምቢ ብለዋል። ሹራብ መሥራት ካቆሙ ስንት ጊዜ ሆነዎት? እሷ ታውቅ ነበር። ስለዚህ ነው የጀመረችው።

መድኃኒቱ ያሳታት መስሎኝ ልደፍነው የነበረው ቀዳዳ በሥራው ሁሉ ላይ ከምንም በላይ የታሰበበት ነገር ነው።

እርስዎ ሁሉን ነገር ሁለቴ የሚጠይቁ ሴት ነዎት። ይህን ሦስት ጊዜ ጠየቁኝ። «የእኔ ነው» አልኩዎት፤ «እሺ» ብለው ጻፉ፣ አንዲት ቃል፣ ከዚያ ወዲያ ምንም። ያቺን ቃል ማየት ነበረብኝ። ሌላ ሙያ የለኝም እኮ።

ስለዚህ ይኸው። ቁልፎቹን ከካፖርት ሰፊ ነው ያገኘሁት፤ ያለውን ትልቁን ስጠኝ አልኩት። እጅጌው በእርስዎ ትእዛዝ በእኔ ክንድ ልክ ነው፤ ስለ እሱ አልጠየቅም። ከእሷ መስመር በላይ ያለው የሰካራሙ ነው። እዚያ ፈትቶ የሚያበጅልዎት ባለሙያ አይጠፋም፤ አልቀየምም።

ለምን አልነገሩኝም?

የእህትዎ ባል


የካቲት 3

አንተ አራሚ፣

ጥቅሉ ደርሷል። ገመዱን ምን ብለህ እንዳሰርከው እንጃ፤ ጎረቤቶቼ በቢላ ነው የፈቱት። ሹራብ ነው ስላቸው አላመኑኝም።

እጅጌው ጣቶቼን አልፎ ይሄዳል። ሁለት ጊዜ ጠቅልዬዋለሁ፤ ስረሳው ሻይ ውስጥ ይገባል። አንዱ እጅጌ ከሌላው ይረዝማል፣ ይህ ካንተ ክንድ ነው ወይስ ከሙያህ አላውቅም። የእሷ ሥራ አልቆ ያንተ የሚጀምርበት መስመር ከመንገድ ማዶ ይታያል። የሚያየኝ ሁሉ ምን ነካው ይለኛል። «አራሚ ነው» እላለሁ፤ እንዲረዱ አልጠብቅም።

አንዲት ባለሙያ ፈትቼ ላስተካክልልዎ ብላ እጇን ዘረጋች። እጇን መታሁት። ደግሞ ማንም ይንካውና ያየኛል።

ለምን አልነገሩኝም ትላለህ። ማን ይከራከርህ? ያን ሁሉ ዓመት እሷ ተከራክራህ ታውቃለች? «እም» ነበር የምትልህ። እኔም እሱን ነው ያልኩህ፣ በጽሑፍ።

ቁልፎቹ አስቀያሚዎች ናቸው። የሕፃን ብስኩት ያህላሉ፣ ቀለማቸውም አይሄድም። ዛሬ ጠዋት ከላይ እስከ ታች ቆለፍኳቸው። ማንንም ሳልጠራ።

የእኔን ሰላምታ በኋላ እልካለሁ ብዬህ ነበር። ይኸው ልኬልሃለሁ፤ ለጥርስ ነቃዩም ከተረፈ አካፍለው። እስከ ክረምት ያን አሳንሰር ያስነሡልህ፤ እመጣለሁ፣ አራት ፎቅ ግን በእግሬ አልወጣም።

ካልሲውን ቀጥለው። አንድ እግር ብቻ ነው፤ ሁለተኛውን ከባዶ ትጀምረዋለህ። በየመሐሉ የኔን ደብዳቤ ለማንበብ ስታስቀምጠው መርፌውን እንዳትነቅል።

እትዬህ